ጥናት ተሰብስቦ ይመዘን ያሉት ዶክተር አርቺ ኮክረን

አርቺ ኮክረን በ1909 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲሞቱ ገና ልጅ ነበሩ። ሕክምና ተምረው ብዙም ሳይቆዩ ሁለተኛው ጦርነት መጣና ለእንግሊዝ ጦር ሐኪም ሆነው ዘመቱ፤ በ1941 ቀርጤስ ደሴት ላይ ተማረኩ።

ጀርመኖች የወሰዷቸው ተሰሎንቄ ወደሚገኝ የምርኮኞች ካምፕ ነበር። በሱዳን ካምፕ ያለፉ ሽማግሌዎች የዚያን ቦታ ረሃብና ተቅማጥ ለመገመት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። የምርኮኞቹ እግር ያብጥ ጀመር፤ የኮክረንም እንደዚያው። እሳቸው ታዲያ ሃያ ሰው መርጠው ለሁለት ከፈሉ፤ ለአሥሩ እርሾ፣ ለአሥሩ ቫይታሚን ሲ ሰጡ። በአራተኛው ቀን እርሾ የወሰዱት ተሻላቸው። ውጤቱን ለጀርመኖቹ ሲያሳዩ ለካምፑ እርሾ መጣ። በግምት ከማከም ፈትኖ ማከም እንደሚሻል ያዩት እዚያ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ዌልስ ውስጥ የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን ሳንባ ሲያጠኑ ኖሩ። በ1979 ሐኪሞችን ወቀሱ፦ ጥናት በየቦታው ይሠራል፣ ሰብስቦ የሚመዝነው ግን የለም።

ወቀሳው ከባድ ነበር፤ እውነትም ነበረው። ምጥ ያለጊዜዋ ለመጣባት እናት ስቴሮይድ የሚባል ርካሽ መድኃኒት ቢሰጣት የሕፃኑ ሳንባ ቶሎ እንደሚጠነክር ከኒውዚላንድ የወጣ ጥናት በ1972 አሳይቶ ነበር። ሌሎችም ተከተሉ፤ ግን በየመጽሔቱ ተበትነው ቀሩ። በአንድ ላይ ተመዝነው የታተሙት በ1989 ነው። እስከዚያ መዳን ሲችሉ የሞቱትና የተጎዱት ሕፃናት በአሥር ሺዎች ይገመታሉ። ኮክረን ይህን አላዩም፤ በ1988 አርፈዋል። በ1993 በስማቸው የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ድርጅት ዓርማ የዚያ የሕፃናት ጥናት ሥዕል ነው።

ይህን ሥራ ሐኪም ብቻውን አይወጣውም። የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ያስፈልጋል፤ አንድ በሽታ በስንት ስም እንደሚጻፍ የሚያውቅ፣ ኮምፒዩተር ያላወጣውን መጽሔት ገጽ በገጽ የሚገልጥ። ተመራማሪው ደስ ያለውን ጥናት ብቻ መርጦ ሌላውን እንዳይጥል፣ የት፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደተፈለገ ይመዘግባል። ሐደራ ኢንዱስትሪ ዞን ፈረቃውን ጨርሶ ኩፓት ሖሊም የሚገባ አባት ኪኒኑ ይጠቅመው እንደሆነ ሲጠይቅ፣ የዶክተሩ መልስ ከዚህ መዝገብ የመጣ ሊሆን ይችላል። የባለሙያው ስም ግን ጥናቱ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም።