እቴጌ ጣይቱና የአንጎል ሚዛን

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ብርድና ነፋስ በማይለየው የእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ነገሡ። ከሁለት ቀን በኋላም ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

በዚያው ዘመን በአውሮፓ የሴትን የማሰብ ችሎታ በሚዛን ለመለካት ይሞከር ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በፓሪስ ሆስፒታሎች የሞቱ ሰዎችን አንጎል እየመዘነ የወንዶቹን አማካይ 1,325 ግራም፣ የሴቶቹን 1,144 ግራም ሆኖ አገኘው። ልዩነቱ በከፊል ከቁመት የመጣ መሆኑን ቢያምንም፣ ሴት በአእምሮ ታንሳለች የሚለውን እምነቱን አልተወም። የመዘናቸው ሴቶች ግን በቁመት ከማነሳቸው በላይ በአማካይ በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ አንጎል ደግሞ በዕድሜ እየሟሸሸ ይሄዳል። ስለዚህ ከጾታ የመጣ የመሰለው ልዩነት ከፊሉ የዕድሜና የቁመት ልዩነት ነበር።

ጣይቱ ይህን ክርክር ሳይሰሙ በሥራቸው መልስ ሰጥተውታል። ከሰሜን ባላባቶች ወገን ተወልደው፣ ግዕዝ ተምረው፣ በገና መደርደርን ያወቁ ሴት ነበሩ። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው ቤት በማሠራት ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት ሆኑ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ጠብ ባስነሣ ጊዜም ለኢጣሊያ ፈጽሞ እንዳይበገር አጥብቀው መከሩ። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ የኢጣሊያ ምሽግ ውሃ እንዲያዝበት ያቀረቡት ሐሳብ ምሽጉን አስለቀቀ። በዐድዋም የራሳቸውን ጦር አሰልፈው ዋሉ።

ዐፄ ምኒልክን የአንጎል የደም ሥር በሽታ ደጋግሞ መታቸው። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በ65 ዓመታቸው ግድም፣ ሽባ ሆኑ፤ አንደበታቸውም ታሰረ። የሚገርመው፣ ለንግግር ዋና የሆነውን የግራ አንጎል የፊት ክፍል በ1861 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያሳየው ያው ብሮካ ነበር። በዚያን ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው ያስገቡት ጣይቱ ነበሩ። ይሁን እንጂ የዘመዶቻቸው ሹመትና የሥልጣናቸው ስፋት ያስቆጣቸው መኳንንት በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው፤ ድርሻቸውም በሽተኛ ማስታመም ብቻ ሆነ።

የዛሬው የምስል ምርመራ ነገሩን ከብሮካ ሚዛን ይልቅ አጥርቶ ያሳያል። የወንድ አንጎል በአማካይ ከሴት በ10 በመቶ ግድም ይበልጣል፤ ከዚህም ብዙው ከአካል መጠን ጋር የተያያዘ ነው። የሁለቱ ጾታዎች ልኮች በሰፊው ስለሚደራረቡ በአንድ ሰው አንጎል መጠን ችሎታውን መፍረድ አይቻልም። ሴት ልጆች ለከፍተኛው መጠን ከወንዶቹ ቀድመው ይደርሳሉ። ከ40 ዓመት ወዲህ አንጎል በየ10 ዓመቱ 5 በመቶ ግድም ይቀንሳል፤ የፊተኛው ክፍልና ለትዝታ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ ይሟሽሻሉ፣ በውስጡ ያሉት የፈሳሽ ጓዳዎችም ይሰፋሉ። የደም ግፊት ይህን ያፋጥነዋል። ስለሆነም ማንኛውም ሐኪም የአንጎል ምስል ሲያነብ ዕድሜን፣ ጾታንና የአካል መጠንን አገናዝቦ መፍረድ ይገባዋል፤ ያለዚያ ጤነኛውን በሽተኛ፣ በሽተኛውንም ጤነኛ ሊያደርግ ይችላል።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ጣይቱም ዘውድ ወደ ጫኑበት ተራራ ተመልሰው፣ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ በጸሎት ኖሩ፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ከ60 ዓመት በላይ ሆነው ዐረፉ። በኋላ ዐፅማቸው ወደ በዓታ ወርዶ ከባለቤታቸው አጠገብ ዐረፈ። የአንጎላቸውን ክብደት የመዘነ የለም፤ የቆረቆሯት ከተማ ግን ዛሬም ከእንጦጦ ግርጌ ተዘርግታ ትታያለች።