አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ

አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1632 – ኦገስት 26 ቀን 1723) ባክቴሪያን ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶ የገለጸ የኔዘርላንድስ ተወላጅ ነበር። የተወለደውም የሞተውም በዴልፍት ከተማ ነው። መተዳደሪያው የጨርቅ ንግድ ሲሆን ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ በዘመኑ የሊቃውንት ቋንቋ የነበረውን ላቲንም አያውቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1673 ሐኪሙ ሬይኒየር ደ ግራፍ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አስተዋወቀው። ከዚያ ወዲህ ለ50 ዓመታት ያህል ለማኅበሩ በደች ቋንቋ ደብዳቤ ጻፈ። ብዙዎቹ ተተርጉመው የማኅበሩ ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ በመሠረተው ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ መጽሔት ወጥተዋል።

ከሁሉም የታወቀው በኦክቶበር 1676 የጻፈው ነው። ቁንዶ በርበሬ ለምን እንደሚያቃጥል ለማወቅ ፈልጎ በውሃ ዘፈዘፈው፤ ከሳምንታት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲያየው በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ሲርመሰመሱበት አገኘ። በለንደን ብዙዎች ተጠራጠሩ። እርሱም ቀሳውስት ጭምር የሚገኙባቸውን የስምንት ሰዎች ምስክርነት ላከ፤ ምርጥ ሌንሶቹን እንዴት እንደሚሠራ ግን አልገለጸም። ጥርጣሬውን ያባባሰው ይኸው ምስጢረኝነቱ ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ ሮበርት ሁክ ከጥቂት ያልተሳኩ ሙከራዎች በኋላ፣ በኖቬምበር 1677 ፍጥረታቱን ለማኅበሩ አባላት አሳየ።

ሌቨንሁክ በ1680 የማኅበሩ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በስብሰባው ላይ ግን አንድም ቀን አልተገኘም። በ1683 በጻፈው ደብዳቤ ከጥርስ ላይ በተፋቀ ቆሻሻ ውስጥ ያያቸውን ባክቴሪያዎች ገለጸ። ሲሞት 26 የብር ማይክሮስኮፖች ለማኅበሩ ተናዘዘ፤ ኋላ ግን ሁሉም ጠፍተዋል።