የአረፋን ድምፅ ያሰላው ሰው

የመንዝ ሰው ስለ ንፋስ አስተማሪ አይፈልግም። ጓሳ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ጋቢውን አጥብቆ የተከናነበ እረኛ በቂ እውቀት አለው። ግን ያው ንፋስ ባሕር ላይ ሲነፍስ ከውኃው ሥር ምን ይሰማል? መልሱን ስፈልግ ማርሴል ሚናርት የሚባል ሰው ላይ ደረስኩ።

ሚናርት በ1893 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቤልጂየም፣ ብሩዥ ከተማ ተወለደ። መጀመሪያ የተማረው ባዮሎጂ ነው፤ በ1914 ዶክትሬቱን ያዘ፤ ከዚያ ወደ ፊዚክስ ዞረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ጀርመኖች አገሩን ያዙ። ሚናርት ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው በፍሌሚሽ እንዲማር የሚታገል ወጣት ስለነበር፣ በወራሪዎቹ ፈቃድ ፍሌሚሽኛ በሆነው የጌንት ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ጥያቄው የሕዝብ ነበር፤ የመለሰለት ግን ወራሪ። ጀርመን ስትሸነፍ በ1918 ወደ ሆላንድ ሸሸ፤ ኑሮውንም ዩትሬክት ላይ አደረገ።

እዚያ የፀሐይን ብርሃን የሚያጠና ትልቅ ሳይንቲስት ሆነ። በ1933 ግን ከሰማይ ወደ ወራጅ ውኃ ወርዶ ቀላል ነገር ጠየቀ፦ ውኃ ለምን ይጮሃል? መልሱ አረፋ ነው። በአረፋው ውስጥ የታመቀው አየር እንደ ሞላ ይሆናል፤ ዙሪያውን ያለው ውኃ ደግሞ እንደ ክብደት። ሁለቱ ሲገፋፉ አረፋው ይርገበገባል፣ ይዘምራል። በውኃው ገጽ አጠገብ ያለ 1 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ያለው አረፋ በሰከንድ 3,260 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ሬዲየሱ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩ በግማሽ ይቀንሳል። ልክ እንደ ከበሮ፣ ትልቁ ወፍራም ድምፅ አለው።

በ1942 ደግሞ ናዚዎች አሰሩት፤ እስከ 1944 ድረስ። በመጀመሪያው ወረራ ያስተማረው ሰው በሁለተኛው እስረኛ ሆነ። ካምፑ ውስጥም ቢሆን ለእስረኞች ማስተማሩን አልተወም።

በ1948 አሜሪካዊው ቨርን ክኑድሰንና ባልደረቦቹ በጦርነቱ ዘመን የተለካውን የባሕር ድምፅ አሳተሙ። ነገሩ ግልጽ ነበር፦ ንፋስ ሲበረታ ባሕሩ ሥር ጫጫታው ይጨምራል። በግምት የንፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ 5 ዴሲቤል ያህል ከፍ ይላል። ዛሬ እንደምናውቀው አብዛኛው ጫጫታ የሚመጣው ማዕበል ሲሰበር ከሚፈጠሩት የሚናርት አረፋዎች ነው።

ጥልቀት በሌለው ባሕር ግን ስሌቱ ይወሳሰባል። ድምፁ በውኃው ገጽና በወለሉ መካከል እየነጠረ ይጓዛል፤ ስለዚህ ወለሉ ራሱ ሞዴሉ ውስጥ መግባት አለበት። ለስላሳ ጭቃ ድምፁን ይውጠዋል፣ አሸዋ ይመልሰዋል። ያው ንፋስ፣ የተለያየ ጫጫታ። ኢኮኖሚክስ ስማር የአንድ አገር ሞዴል ሌላ አገር ላይ ለምን እንደሚከሽፍ እንዲህ የነገረኝ አልነበረም።

ሚናርት በ1970 አረፈ። ጨረቃ ላይ በስሙ የተሰየመ ጉድጓድ አለ። ቀመሩን ለመፈተን ግን ባሕርም ጨረቃም አያስፈልጋችሁም። የድምፅ ድግግሞሽ የሚያሳይ ነፃ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑና ከጆግ ወደ ብርጭቆ ውኃ ቅዱ።