የዳግማዊ ምኒልክ ባርኔጣ

በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን በሰፈራችን በቦሌ ብዙ ወጣቶች የዳግማዊ አጤ ምኒልክ ምስል የታተመበትን ካናቴራ ለብሰው ይወጣሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በነጭ ሻሽ ላይ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው የሚታዩበትን ምስል አንዳንድ ጓደኞቼ ፈረንጅን መምሰል ነው ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴንም ከሕይወት ታሪካቸው ጋር አያይዤ አቀርባለሁ።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ገና ልጅ ነበሩና በአጤ ቴዎድሮስ እጅ ገብተው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጠው ሸዋን ያዙ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ።

በዚያ ዘመን የመኳንንቱ የራስ ጌጥ የታወቀ ነበር፤ ለጦር ሜዳ የአንበሳ ጎፈር፣ ለክብር ቀን ዘውድና ራስ ወርቅ፣ ለዘወትር ሻሽ። ምኒልክ ይህን ወግ አልተዉም። ባርኔጣውን የደፉት ሻሹን ካሰሩ በኋላ በላዩ ነው። የአገርን አውልቆ የሰውን መልበስና በአገር ልብስ ላይ የሰውን መደረብ አንድ አይደለም። ጥቅሙንማ በደጋ ፀሐይ ተሰልፎ የቆመ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

እንዲህ ያለው ባርኔጣ በሸማኔ እጅ አይሠራም። የበግ ሱፍ ወይም የጥንቸል ጠጉር በሙቅ ውሃና በእንፋሎት እየታሸ እርስ በርሱ ሲያያዝ እንደ ወፍራም ጨርቅ ይሆናል፤ ከዚያም በእንጨት ቅርጽ ላይ ተወጥሮ ይደርቃል። ቀድሞ የአውሮፓ ባርኔጣ ሠሪዎች የጥንቸሉን ጠጉር በሜርኩሪ ያዘጋጁ ስለነበር፣ መርዙን ሲተነፍሱ ኖረው እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ አእምሯቸውም ይታወክ ነበር። ለአንድ ጌጥ ይህን ያህል ዋጋ መከፈሉ እጅግ ያሳዝነኛል።

በዚህ ሙያ ስሟ ከሚጠራ አገሮች አንዷ ጣሊያን ናት፤ በአሌሳንድሪያ ከተማ ቦርሳሊኖ የተባለው ቤት የተቋቋመው በ1857 እ.ኤ.አ. ነው። የጣሊያን ጦር ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በእኒሁ ባለ ባርኔጣ ንጉሥ ሠራዊት ድል ሆነ። ታዲያ ፈረንጅን መምሰል የቱ ላይ ነው?

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1923 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቆመላቸው፣ ጠላት አንሥቶት ከነጻነት በኋላ የተመለሰው ሐውልት በፈረስ ላይ ሆነው ዘውድ ጭነው ያሳያቸዋል። ባርኔጣውን ለማየት ፎቶግራፎቻቸውን መመልከት ያስፈልጋል።