ዳኛቸው ወርቁና የተራራው ሚዛን

ዳኛቸው ወርቁ በ1928 ዓ.ም. በይፋት፣ በደብረ ሲና ተወለደ። ከተማይቱ ከጣርማ በር ሥር ናት፤ ከበላይዋ የደጋው አፋፍ ተገትሮ፣ ከበታችዋ ቆላው እስከ ዐይን መጨረሻ ተዘርግቶ ይታያል። በዚያ ያደገ ልጅ የሰው ልጅ ቁመት ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ለእኛ ግን ኋላ በመጽሐፍ አስረዳን።

በ1962 ዓ.ም. የታተመው «አደፍርስ» ለብዙ አንባቢ የከበደ ድርሰት ነው። ረጅሙ የመልክዐ ምድር ገለጻ ታሪኩን ያንዛዛዋል የሚሉ አሉ። በእኔ ግምት ይህ ወቀሳ የድርሰቱን እምብርት ይስታል። መቼት የሚለው ቃል መቼና የት ከሚሉት የተገጣጠመ ነው፤ እኛ መምህራንም በፎንቆ ይሁን በሆሳዕና ዘመኑንና ቦታውን አስጠርተን ማለፍ ይቀናናል። በ«አደፍርስ» ውስጥ ግን መቼቱ ፈራጅ ነው። የተማረው ወጣት አገሩን በክርክር ሊለውጥ ይነሣል፤ በወጣትነቱም ይቀጫል። ተራራውና ከሥሩ የሚያርሰው ገበሬ ይቀራሉ።

በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የድርሰት ጥበብን ያጠናው ዳኛቸው ይህንኑ ሐሳብ በእንግሊዝኛ በጻፈው ልብ ወለድ ይበልጥ አጠነከረው። መጽሐፉ በ1973 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ታተመ፤ ርእሱ በአማርኛ «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ማለት ነው። ፊታውራሪ ወልዱ በጠና ታመው፣ ፈውስ ፍለጋ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ዝቋላ አቦ ይወጣሉ። ዝቋላ ከፍታው 3000 ሜትር ያህል የሆነ፣ አናቱ ላይ ሐይቅ ያቆረ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ሜዳ ላይ ሰው ያርበደበደ ማዕረግ ዳገቱ ላይ በሰው ጫንቃ የሚሄድ ሸክም ይሆናል። ፊታውራሪው በገበሬ ጎጆ ያርፋሉ፤ በሕይወት ግን አይመለሱም። ልጆቻቸው ሬሳቸውን አስይዘው ይወርዳሉ፤ ገበሬው ከነጎጆው እዚያው ይቀራል። ደራሲው ይህን ገበሬ ቅዱስ አላደረገውም፤ ጭካኔውንም ሳይሸሽግ አሳይቶናል። የሚተርፈው ጻድቅ ስለ ሆነ ሳይሆን የመሬቱን ጠባይ ስለሚያውቅ ነው። እህል በጠፋበት ዓመት ከጓሮው እንሰት ፍቆ ቤተሰቡን ያተረፈ የሀዲያ ገበሬ ለዚህ ሐተታ አይሻም።

ዳኛቸው በ1967 ዓ.ም. «እምቧ በሉ ሰዎች» የተሰኘ የግጥም መድበል፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬም ለክፍል ሥራችን የሚበጀውን «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» አሳተመ። በ1987 ዓ.ም. አረፈ።