በጭቃ ላይ የሚሳበውን ፍጥረት የመረመረ ሊቅ፤ ካርል ሴምፐር

ስለ ታላላቅ መንገደኞች ሲወራ ብዙ ጊዜ የምናስበው አዲስ ወንዝ ወይም አዲስ ተራራ ያገኙትን ሰዎች ነው። ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሰው ግን ስሙን ካስጠሩለት ሥራዎች አንዱ፣ ሌላው ሰው ረግጦት በሚያልፈው ጭቃ ላይ የሚሳብ አንድ ትንሽ ፍጥረት ነው። ይህም ሰው ጀርመናዊው የእንስሳት ሊቅ ካርል ሴምፐር ነው።

ሴምፐር በሐምሌ ወር 1832 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሐምቡርግ አጠገብ በምትገኘው በአልቶና ተወለደ። አልቶና በዚያን ጊዜ በዴንማርክ ንጉሥ ግዛት ሥር ነበረች። በልጅነቱ በኪል ከተማ የባሕር ኃይል ትምህርት ተማረ፤ ቀጥሎ በሐኖቨር የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። ይሁን እንጂ ልቡ ያረፈው በእንስሳት ጥናት ላይ ስለ ነበረ ወደ ቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄደና በ1856 የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ።

በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ሊቃውንት ከሩቅ አገር በሣጥን የሚላክላቸውን የደረቀ ቆዳና ባዶ ዛጎል እያዩ ይጽፉ ነበር። ሴምፐር ግን እንስሳውን በሚኖርበት ስፍራ፣ በሕይወት ሳለ ማየት ፈለገ። በ1858 ስፔን ወደምትገዛቸው የፊሊፒን ደሴቶች ተነሣ፤ እስከ 1865ም ድረስ ከደሴት ወደ ደሴት እየተዘዋወረ ቆየ። በ1862 ወደ ፓላው ደሴቶች ተሻግሮ ከሕዝቡ ጋር ብዙ ወራት ተቀመጠ፤ የዚህንም ጉዞ ታሪክ በ1873 በመጽሐፍ አሳተመ።

ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ በሞቃት አገሮች የባሕር ዳርቻ፣ በቀይ ባሕርም ዳር ጭምር፣ ሥሩን በጨው ውሃ ነክሮ የሚያድግ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ግንዱ በውሃ ይከበባል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ሥሩ ሁሉ ወጥቶ ጥልቅ ጭቃ ይቀራል። ከጭቃው ውስጥና ከሥሩ ሥር የቀንድ አውጣ ዘመዶች የሆኑ፣ ሲያድጉ ግን ዛጎል የሌላቸው ፍጥረታት ይወጣሉ። እነዚህ የባሕር ዳር ነዋሪዎች ቢሆኑም የሚተነፍሱት አየር ነው። ወገናቸው ኦንኪዲየም ይባላል፤ ስሙን በ1800 ያወጣላቸው ፍራንሲስ ቡካናን የተባለ፣ በቤንጋል አንዱን ያገኘ ሐኪም ነበረ።

እነዚህን ፍጥረታት በየዝርያቸው መለየት እጅግ አስቸጋሪ ሥራ ነው። የሌላው ቀንድ አውጣ ዘር በዛጎሉ ቅርጽ ይታወቃል፤ እነዚህ ግን ዛጎል የላቸውም። ቀለማቸውም አያስተማምንም። የአንድ ዝርያ ልጆች አንዱ ቡናማ፣ ሌላው አረንጓዴ መሳይ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ዘራቸው የተለያየ ሁለት ፍጥረታት በጭቃ ተለውሰው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዓይን አይለያቸውም። በአልኮል ውስጥ ሲቀመጡም ቀለማቸው ይጠፋል፤ ሰውነታቸውም ይጨማደዳል።

ስለዚህ ሴምፐር ከውጭ መልካቸው ይልቅ ወደ ውስጣቸው ተመለከተ። ገላቸውን በጥንቃቄ እየከፈተ የአንጀታቸውን አጠማዘዝ፣ የምላሳቸውን ጥርሶችና የመራቢያ አካላቸውን አሠራር እየመረመረ በሥዕል አስቀመጠ። እያንዳንዱ ወንዴም ሴቴም ሲሆን፣ የወንዴው ቀዳዳ በፊት በቀንዱ አጠገብ፣ የሴቴው በስተኋላ ይገኛል። ዋናውም መለያ ያለው በዚሁ ውስጣዊ አካል ላይ ነው። ወደ ጀርመን ተመልሶ በቩርዝቡርግ ፕሮፌሰር ሆነ፤ የፊሊፒን ጉዞውንም ውጤት በተከታታይ መጻሕፍት አሳተመ። ስለ ኦንኪዲየም ቤተሰብ የጻፈው ክፍል ከ1880 እስከ 1885 ታትሞ ወጣ፤ በርከት ላሉ ዝርያዎችም አዲስ ስም ሰጠባቸው።

በዚህ ምርመራ መካከል ያልጠበቀው ነገር አጋጠመው። እነዚህ ፍጥረታት እንደ ሌላው ቀንድ አውጣ በቀንዳቸው ጫፍ ዓይን አላቸው። ሴምፐር ግን በአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ ባሉት ኪንታሮት መሳይ እብጠቶች ውስጥ ሌሎች ጥቃቅን ዓይኖች አገኘ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ አሠራራቸው ነበረ። በሰውና በሌሎች የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ዓይን ውስጥ የማያ ጅማት ብርሃን የሚቀበለውን ሽፋን በስቶ ይገባል፤ የእነዚህም የጀርባ ዓይኖች እንዲሁ ሆነው ተገኙ። ይህን ግኝት በ1877 አሳተመ።

ነገር ግን ዓይኑ በጀርባ ላይ ለምን ተፈጠረ? ሴምፐር በጭቃው ላይ እየዘለለ የሚያድን አንድ ዓሣ መኖሩን ያውቅ ነበርና፣ ፍጥረቱ በጀርባው የሚያየው ይህን ጠላቱን ነው ብሎ ገመተ። የዓሣው ጥላ ሲያርፍበት ከቆዳው ዕጢዎች ፈሳሽ ረጭቶ ራሱን ያድናል የሚል አሳብም አቀረበ። ግምቱ ያማረ ነው፤ በማስረጃ ግን አልጸናም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስታውስ ይገባናል። ሴምፐር የዳርዊንን አሳብ የተቀበለ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በ1876 ባወጣው ጽሑፍ የአገሩን ሰው ኤርንስት ሄከልን ከማስረጃ በፊት ይሮጣል ብሎ አጥብቆ ነቅፎት ነበር። በዘለለው ዓሣ ጉዳይ ግን እርሱም ከማስረጃው ቀድሞ ሮጠ። ሌላውን የሚነቅፍ ሁሉ የነቀፈበት ስሕተት በራሱ ደጅ እንደሚጠብቀው ከዚህ እንረዳለን።

ይህ የዓሣ ጉዳይ የሚገኝበት መጽሐፍ በ1877 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ከሰጠው ትምህርት የተዘጋጀ ነው። በውስጡ እንስሳት ከሚኖሩበት ስፍራ፣ ከምግባቸውና ከሙቀቱ ጋር ያላቸውን ግንኙነት አስረድቷል። ከእፅዋት ወደ ሣር በል፣ ከሣር በልም ወደ ሥጋ በል እየተወጣ ሲሄድ ብዛቱ እያነሰ እንደሚሄድ የገለጸው ትምህርት፣ ለኋለኛው ዘመን የአካባቢ ጥናት መንገድ ከጠረጉት አሳቦች አንዱ ሆነ። ሴምፐር በግንቦት ወር 1893 በቩርዝቡርግ ሞተ፤ ዕድሜው ገና ስድሳ ዓመት ነበረ።

ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በተለይ ከ2010 ወዲህ፣ አዳዲስ ተመራማሪዎች ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ የማንግሮቭ ደኖች ተመለሱ። ከጭቃው የሰበሰቡትን የዘር ቅንጣት በላቦራቶሪ መረመሩ፤ በሙዚየም ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጡትንም የጥንት ናሙናዎች አውጥተው አመሳከሩ። ከሴምፐር ስሞች አንዳንዶቹ ሌላ ሰው አስቀድሞ ስም ላወጣለት ዝርያ የተሰጡ ሆነው ስለ ተገኙ ተሰረዙ። ሌሎቹ ግን ጸኑ፤ በ1880 ስም ካወጣላቸው መካከል ዛሬ ፕላቴቪንደክስ ሉቴየስና ፓሮሞዮንኪስ ቱሚደስ የሚባሉት ይገኙበታል። ከዚህም በላይ ከዚያ በፊት ማንም ያልለያቸው ዝርያዎች ተገኙ፤ በ2017 ሜላዮንኪስ የሚባል አዲስ ወገን ተመሠረተ።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች የሴምፐርን ሥራ ሊያርሙ የቻሉት በምንድን ነው? ሴምፐር የሰጠውን ስም ብቻ ሳይሆን ስሙን የሰጠበትን ምክንያት፣ ሥዕሉንና ናሙናውን አስቀምጦ ስላለፈ ነው። ያለ ማስረጃ የተሰጠ ስም ለተከታዩ ሸክም ይሆናል፤ ሊያጸናውም ሊያፈርሰውም አይችልም። በመዝገብ ቤትም ሆነ በላቦራቶሪ የምንሠራ ሁሉ እንሳሳታለን። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ስሕተታችንን አግኝቶ እንዲያቃና መንገዱን ክፍት አድርጎ መተው ግን በእጃችን ነው። በማንግሮቭ ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ እየገባ የሠራው ሴምፐር ለተከታዮቹ ያወረሰው ይህንን ነው።