ማሪ ኩሪና አጥንትን የሚያሳየው ጨረር

የማሪ ኩሪ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ሬዲየምን ነው። ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት ያገኘች ሴት መሆኗንም ከታናሽ ክፍል ጀምረን ተምረናል። እኛ ግን በዚህ ገጽ ልናወሳ የፈለግነው ብዙ ያልተነገረለትን የሕይወቷን ክፍል፥ ይኸውም በጦርነት ዘመን ከቀዶ ጥገና ሐኪሞች አጠገብ ቆማ የሠራችውን ሥራና ያ ሥራ ያስከፈላትን ዋጋ ነው። ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የተሰበረ አጥንት በራጅ እያዩ የሚጠግኑ ሐኪሞች ዛሬም በዚያው ጨረር አጠገብ ይቆማሉና። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ማሪያ ስክሎዶቭስካ በ1867 ዓ.ም. በዋርሶ ከተማ ከመምህራን ቤተ ሰብ ተወለደች። በዚያን ጊዜ ከተማዋ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ስትሆን፥ ዩኒቨርሲቲውም ሴቶችን አይቀበልም ነበር። ስለዚህ እርሷና ጓደኞቿ ከመንግሥት ዐይን ተሰውረው በየሰው ቤት እየተሰበሰቡ ይማሩ ነበር። ታላቅ እኅቷ በፓሪስ ሕክምና እንድትማር እርሷ በሰው ቤት የልጆች አስተማሪ ሆና ገንዘብ ትልክላት ነበር። ተራዋ ሲደርስ በ1891 ሶርቦን ገባች፤ በ1893 በፊዚክስ፥ በ1894 ደግሞ በሒሳብ ዲግሪዋን ተቀበለች። በ1895 ፒየር ኩሪን አገባች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ጀርመናዊው ሮንትገን ራጅን አገኘ። በ1898 ባልና ሚስቱ ፖሎኒየምንና ሬዲየምን ለዓለም አስታወቁ። በ1903 ከቤክሬል ጋር የፊዚክስን ሽልማት ተካፈሉ። ፒየር በ1906 በፓሪስ መንገድ ላይ በፈረስ ጋሪ ተድጦ ሞተ፤ በ1911 የኬሚስትሪን ሽልማት የተቀበለችው ብቻዋን ነበር።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የቍስለኛው ብዛት ከሐኪሞቹ አቅም በላይ ሆነ። ጥይትና የመድፍ ፍንጣሪ በሥጋ ውስጥ ተሰውሮ፥ አጥንትም ደቅቆ ሳለ፥ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚቀደው በግምት ነበር። የራጅ መሣሪያ በጦሩ ግንባር አቅራቢያ አይገኝም ነበርና ማሪ ኩሪ መሣሪያውን ወደ ቍስለኛው ለመውሰድ ቈረጠች። ከባለጸጎች አውቶሞቢል ለመነች፤ በመኪናው ሞተር የሚዞር ዲናሞ ለራጁ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ አደረገች፤ ስለ ሰው አካል አሠራር አጠናች፤ መኪና መንዳትንም ተማረች። መኪናዎቹም ትንንሾቹ ኩሪዎች ተባሉ። በጥረቷ 20 ያህል መኪናዎችና 200 ያህል ቋሚ የራጅ ክፍሎች ተቋቋሙ፤ 150 ያህል ሴቶች ሠለጠኑ፤ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ወታደሮችም በእነዚህ መሣሪያዎች እንደ ተመረመሩ ይነገራል።

ሥራው የሚካሄደው እንደዚህ ነበር። ክፍሉ ይጨልማል፤ ቍስለኛው በጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ ጨረሩ ከሥሩ ወጥቶ በሰውነቱ ውስጥ ካለፈ በኋላ በላይ በኩል ባለው ሰሌዳ ላይ ያበራል። አጥንቱና ጥይቱ በሰሌዳው ላይ እንደ ጥላ ይታያሉ። ሐኪሙም አንዳንድ ጊዜ ጥላውን እያየ መቈንጠጫውን ወደ ቍስሉ ይሰድዳል፤ እጁም በጨረሩ ውስጥ ይቈያል። ማሪ ኩሪና ሥራውን ስትጀምር ገና የ17 ዓመት ልጅ የነበረችው ኢሬን መከላከያቸው የጨርቅ ጓንትና ትንንሽ የብረት ጋሻ ብቻ ነበር።

አደጋው ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም። ገና በ1896 ራጅን ለቀዶ ጥገና መሪ ካደረጉት አንዱ የሆነው የበርሚንግሃሙ ሐኪም ጆን ሆል ኤድዋርድስ፥ ጨረሩ ባደረሰበት ጕዳት በ1908 ግራ እጁ ተቈርጧል። ነገር ግን ጨረሩ አይታይም፥ አይሸትም፥ በሚነካበትም ሰዓት አያምም። ሰው ደግሞ ያላመመውን ነገር መፍራት ይከብደዋል፤ በፊቱ ቍስለኛ ሲያቃስት ደግሞ ይበልጡን ራሱን ይረሳል።

ዋጋው ቀስ እያለ መጣ። በ1920ዎቹ የማሪ ኩሪ ዐይኖች በሞራ ተጋርደው ደጋግማ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። በ1934 መቅኔዋ ደም መሥራት ተስኖት በ66 ዓመቷ ዐረፈች። ኢሬንም በ1956 በደም ነቀርሳ ሞተች። በ1995 የማሪ ኩሪ ዐፅም ወደ ፓንቴኦን ሲዛወር የፈረንሳይ የጨረር መከላከያ መሥሪያ ቤት መረመረው፤ የተገኘው ሬዲየም ከተጠበቀው ያነሰ ስለ ሆነ፥ ለሕመሟ ምክንያት የሆነው ምናልባት የጦርነቱ ዘመን ራጅ ሳይሆን እንዳልቀረ ገመተ። የሥራ ደብተሮቿ እስከ ዛሬ ጨረር ስለሚያወጡ በፓሪስ በእርሳስ ሣጥን ተከልለው ይጠበቃሉ። ለደብተሮቿ የተገኘው እርሳስ ለእርሷ በጊዜው አልተገኘም።

ዛሬ የአጥንት ሐኪም የጭን አጥንት በብረት ዘንግ ሲያያይዝ በሲ-አርም የራጅ መሣሪያ እያየ ነው። ወደ እርሱ የሚደርሰው ጨረር በአብዛኛው ከበሽተኛው ሰውነት ላይ ተበትኖ የሚመለሰው ነው። መከላከያው ሦስት ነገር ነው፤ ጊዜን ማሳጠር፥ መራቅና መከለል። ጨረሩን ለአጭር ጊዜ ብቻ መክፈት ይገባል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ወደ ሩብ ይወርዳል። የ0.5 ሚሊሜትር እርሳስ ያህል የሚከላከል ሽርጥ ከተበተነው ጨረር ከ90 በመቶ በላይ ያስቀራል፤ ለአንገትና ለዐይንም የየራሳቸው መከለያ አላቸው። የሚበተነው ጨረር ይበልጥ የሚበዛው ወደ በሽተኛው በሚገባበት በኩል ስለ ሆነ፥ ጨረር አመንጪው ከጠረጴዛው በታች ቢሆን ፊትና ዐይን ይድናሉ። በ1928 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኛው በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ወሰን አድርጓል፤ የዐይንንም ወሰን በ2011 ከ150 ወደ 20 አውርዶታል።

ከእኛ መካከል ነገ የቀዶ ጥገና ጓንት የሚያጠልቁ፥ ሆስፒታል የሚያስተዳድሩ፥ በጀት የሚመድቡም ይኖራሉ። ሽርጡ ከብዶት ግድግዳ ላይ የሚተወው ወጣት ሐኪም፥ የጨረር መለኪያውን በመሳቢያ የሚረሳው ረዳት፥ ሽርጥ መግዛትን እንደ ቅንጦት የሚቈጥር ኀላፊ፥ ሦስቱም የሚያጠፉት አንድ ነገር ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንደዚህ ያለው ነው። የማሪ ኩሪን ትጋት ልንወርሰው ይገባናል፤ ያለ ጋሻ መቆሟን ግን እንደ ጀግንነት አንቍጠረው። እርሷ የቆመችው ሌላ ስላልነበራት ነው፤ ዛሬ ግን ጋሻው አለ፥ ማንሣቱ የእኛ ፈንታ ነው።